ከግንቡ ወዲያ ያለው ጎረቤት

ጋሽ ፋይል እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በማዘጋጃ ቤቱ የመዝገብ ቤት ሹም ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንዲት ወረቀት እንኳ ጠፍታባቸው እንደማታውቅ ላገኙት ሁሉ ስለሚያወሩ፣ ሰፈሩ የለጠፈባቸው ስም ነው። እሳቸውም አልተቀየሙም። እንዲያውም በዚህ ስም ሲጠሯቸው ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ።

አንድ ረፋድ ላይ የተነፈሰውን የብስክሌታቸውን ጎማ ሊያስጠግኑ ወጡ። ድልድዩን ተሻግረው፣ ዋናውን መንገድ ዞረው፣ ብስክሌቱን እየገፉ ላብ በላብ ሆነው ከጎሚስታው ደጃፍ ደረሱ። ጎሚስታው እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ሳቂታ ሰው ነው። አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስቀመጣቸውና ሥራውን ጀመረ።

እዚያ ተቀምጠው ሳሉ ነው አንዲት ወጣት ሴት ከጎሚስታው ሽንት ቤት አጠገብ ረጅም ዘንግ አቁማ፣ በእጇ የያዘችውን ታብሌት ስትነካካ ያዩት። ጋሽ ፋይል በዕድሜያቸው ብዙ ጉድ አይተዋል፤ ሽንት ቤት የሚለካ ሰው ግን አላዩም።

«ልጄ» አሉ፣ ዝም ማለት አቅቷቸው፣ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም አባቴ። የጉድጓዱን ቦታ እየመዘገብኩ ነው።»

«ሽንት ቤት ይመዘገባል?»

«ሁሉም ይመዘገባል። የውሃ ጉድጓዱም፣ ቧንቧውም፣ ግቢውም። ከማዘጋጃ ቤት ነው የመጣሁት፣ ከካርታ ክፍል።» ይህን ብላ ቀና ስትል ፊታቸውን ለየችው። «እንዴ! ጋሼ! መዝገብ ቤት የነበሩት? እኔ እኮ የታይፒስቷ ልጅ ነኝ!»

«ያቺ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ካርቦን ወረቀት የምትበላው?»

«እሷው ነኝ።»

ተሳሳሙ። የእናቷን ጤና ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ፋይል ወደሚወዱት ነገር ለመግባት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«እና አሁንም የምትመዘግቡት በመንገድ ስምና በበር ቁጥር ነው አይደል? ያንን ሥርዓት ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። አንድ መንገድ አንድ ቁምሳጥን፣ አንድ በር አንድ ፋይል። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣልሽ ነበር።»

«እናቴ ሁሌ ታወራለች። የበር ቁጥሩ አሁንም አለ ጋሼ። እኛ የምንጨምረው ቦታውን ራሱን ነው። ጉድጓድ ቢሆን አንዲት ነጥብ ናት፤ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ተብላ በሁለት ቁጥር ትገባለች። ቧንቧ ቢሆን ነጥብ በነጥብ የተቀጣጠለ መስመር ነው። ግቢ ደግሞ ዞሮ የተነሳበት የሚገጥም መስመር ነው፤ ውስጥና ውጭ አለው።»

«ቁጥር ቁጥር ነው። በእኔም ፋይል ቁጥር ሞልቷል።»

«ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ተራ መዝገብ ቁጥሩን ይይዘዋል እንጂ ርቀት ምን እንደሆነ አያውቅም። ይኼኛው ያውቃል። ‹ከዚህ ነጥብ ምን ይቀርባል? ይህ ግቢ ውስጥ ምን አለ? ይህን ቧንቧ የሚያቋርጠው የትኛው መንገድ ነው?› ብለው ቢጠይቁት ይመልስልዎታል።»

ጋሽ ፋይል ሳቁ። «እኔን ብትጠይቁኝ በነፃ እነግራችሁ አልነበር? ይኼማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

የታይፒስቷ ልጅም ሳቀች። «ውሸት አልነግርዎትም፣ እኛም እንሳሳታለን። መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሬ አስገብቼ፣ የእናንተን መንገድ በሙሉ ባህር ውስጥ ከትቼው ነበር።»

«ከነሚስቴ?»

«ከነባለቤትዎ፣ ከነበር ቁጥራችሁ። ካርታው ላይ ሳየው ደንግጬ አስተካከልኩት።»

«እሷ እንኳ ዋና አትችልም» አሉና ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ጎሚስታውም ጎማውን እንደያዘ አጀባቸው።

«ታዲያ ብስክሌቱን እየገፉ ሲመጡ አልራቀዎትም ጋሼ?»

«በጣም እንጂ! ድልድይ ተሻግሬ ነው የመጣሁት። የእኛ ሌላ ሰፈር ነው። ቤቱን ተይውና፣ ፋይሉ እንኳ የተቀመጠው በሌላ ቁምሳጥን ነው።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ካለው ረጅም ግንብ ወዲያ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ሚጣ! አንቺ ልጅ! ባልዲውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንሺ አላልኩሽም?»

ጋሽ ፋይል ክው አሉ። ተነሥተው ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። «እሜቴ ናት!» አሉ። «የኔዋ ሚስት ናት! እዚህ ምን ልታደርግ መጣች?»

«የትም አልመጡም፣ ሁሌም እዚያው ናቸው» አለ ጎሚስታው። «እኚህ እናት የእርስዎ ናቸው? እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ሲቆጡ እየሰማሁ ነው ሱቄን የምከፍተው። ማን እንደሆኑ ግን አላውቅም ነበር።»

ጋሽ ፋይል ግንቡን ትክ ብለው አዩት። በወዲያኛው በኩል ኖራ የተቀባው፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ስንት ዓመት ጀርባቸውን ሰጥተውት የኖሩት የገዛ ግቢያቸው ግንብ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ የዞሩት ወደ ጓሯቸው ለመምጣት ነው። የሁለቱ መንገዶች በሮች ፊታቸውን ወደየራሳቸው አስፋልት ስላዞሩ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ቤቶች በሰውም አፍ በመዝገብም ሁለት አገር ሆነው ቀርተዋል። የሰው ልጅ ሩቅ አገር ያለውን ዘመዱን እየናፈቀ፣ ከግንቡ ወዲያ የሚተነፍሰውን ሰው ሳያውቀው ይኖራል።

የታይፒስቷ ልጅ ግን ግንቡን አላየችም። ታብሌቱን እያየች ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ከጉድጓዱ ትጠጣላችሁ?»

«እንጠጣለን እንጂ! ቧንቧ እኛ ሰፈር መች ገባና? ግማሽ ሰፈር ከእኔ ነው የሚቀዳው። በሬን ለውሃ ዘግቼ አላውቅም።»

«ይዩት እስቲ። ይቺ ሰማያዊ ነጥብ የእናንተ ጉድጓድ ናት። ባልደረባዬ ባለፈው ወር የመዘገባት። ይቺ ቡናማዋ አሁን እኔ ያስገባኋት፣ የዚህ ሽንት ቤት ጉድጓድ ናት። በመካከላቸው አሥራ አንድ ሜትር ነው ያለው። ጤና ቢሮ ቢያንስ ሠላሳ ይላል። መሬቱም ወደ እናንተ ነው የሚያዘቀዝቀው።»

ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ጣለው። ጋሽ ፋይል ግን በቁጣ ፊታቸው ቀላ።

«ምን ለማለት ነው?»

«ግቢያችሁ ውስጥ ሆዱን የሚያመው ሰው አለ?»

«የለም» አሉ ጋሽ ፋይል።

ዋሹ። የልጃቸው ልጅ ሚጣ፣ እሳቸው ዘንድ የምታድገው የሰባት ዓመት ልጅ፣ በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ሆዷን ታማ ተኝታለች። ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፣ መድኃኒት ትውጣለች፣ ትድናለች፣ ቤቷ ትመለሳለች፣ ደግማ ትወድቃለች። አያቷ «የትምህርት ቤት ከረሜላ ነው» ብለው ዘግተውታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጋሽ ፋይል ይህን ተረት ለሌላ ሰው ሲናገሩት እንጂ ለራሳቸው ሲያስቡት አይታወቅም።

በማግስቱ የታይፒስቷ ልጅ ቤታቸው መጣች። እሜቴ ተቀብለው አስቀመጧትና፣ ባላቸው ዓይናቸውን ቢያፈጡባቸውም የሚጣን ሕመም አንድ በአንድ ነገሯት።

«እንግዲያውስ እባካችሁ» አለች የታይፒስቷ ልጅ፣ «እስክናጣራ ድረስ ከዚህ ጉድጓድ አትጠጡ። ጎረቤትም አይቅዳ።»

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ጋሽ ፋይል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናትሽን አከብራታለሁ፤ አንቺንም እንደ ልጄ ነው የማይሽ። ግን ሁለት ነጥብ ስክሪን ላይ ስለተቀራረበ ውሃዬ መርዝ ነው ልትይኝ ነው? ይህን ጉድጓድ ያስቆፈርኩት ጎሚስታው ሳይወለድ ነው። ውሃው እንደ መስተዋት ነው!»

«ጥራቱ በዓይን ቢታወቅ ኖሮ ሐኪም ባላስፈለገ ጋሼ። እኔም መርዝ ነው አላልኩም። ካርታው የሚለው ‹እዚህ ጋ ጠይቁ› ነው። ጤና ቢሮ ጉዳት የሌለው አረንጓዴ ቀለም አለው። የጎሚስታው ሽንት ቤት ውስጥ ይፈስሳል። ወደ እናንተ መንገድ ካለው ቀለሙ በባልዲ ይወጣል፤ ከሌለው ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

«ይፍሰስ! አንዲት ጠብታ ቀለም ከጉድጓዴ ከወጣች በገዛ እጄ እደፍነዋለሁ!» ብለው ተነሡ። ከእንስራው በኩባያ ቀዱ። እያዩአቸው ግማሹን ግጥም አድርገው ጠጡ። ከዚያም ደጃፉ ላይ የቆመችውን ሚጣን ጠሩና የቀረውን ሰጧት። «ጠጪ የኔ ልጅ። አያትሽ ሲዋሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የታይፒስቷ ልጅ «ኧረ ጋሼ!» ብላ ስትነሣ ኩባያው ባዶ ነበር። ሚጣ አያቷን ደስ ስላሰኘች ፈገግ አለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በአሮጌ ነገር ላይ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ዋጋው የሚከፈለው በተከራካሪዎቹ ቢሆን ኖሮ ምንኛ መልካም ነበር። እልኸኛው ሽማግሌ ጠጥተው አንዳች አልሆኑም፤ ሆዳቸው ለምዶታል። ሚጣ ግን በሦስተኛው ቀን ወደቀች። ትኩሳቷ ነደደ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። እሜቴ አዝለዋት ክሊኒክ ሄዱ፤ ግሉኮስ ተሰካላትና ተኛች። ጋሽ ፋይል አልጋው ግርጌ ቆመው «ከረሜላ ነው» ለማለት አፋቸውን ከፈቱና፣ ብርድ ልብሷን አስተካክለው ወጡ።

ቀለሙ ሽንት ቤቱ ውስጥ ከፈሰሰ ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት እሜቴ ለክሊኒክ የሚወስዱትን ልብስ ሊያጥቡ ባልዲውን ከጉድጓዱ ሳቡ። ከዚያ ጩኸታቸው ሰፈሩን አናወጠው።

ጋሽ ፋይል በሸሚዝ ብቻ ሮጠው ወጡ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ነበር። ፈዛዛ አልነበረም፣ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ነበር። አፈሰሱት። ደግመው ሳቡ። አረንጓዴ ነው። ሦስተኛ ሲስቡ ገመዱ አመለጣቸው።

በዚያ መሐል ከግንቡ በላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። ጎሚስታው ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ መሰላል አቁሞ ወጥቷል። ባልዲውን አየ። ያንን ሳቂታ ፊት ያየ ሰው ያን ዕለት አይለየውም ነበር።

«አባባ» አለ፣ «ያቺ ድምጿን የምሰማት ልጅ... የእኔን ነው እንዴ የጠጣችው?»

ጋሽ ፋይል ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ። በገዛ እጃቸው፣ በዚያች ኩባያ፣ በሰው ፊት፣ ለመከራከር ብለው ያጠጧት ልጅ ናት። ስንት ዓመት በር ከፍተው «ቅዱ» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ የሰጡት ምን እንደነበር አሰቡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እሜቴ አርባ ዓመት አብረዋቸው ሲኖሩ ያኔ ነው ሲያለቅሱ ያዩአቸው።

ሚጣ ተረፈች። ከአልጋዋ ተነሥታ መጀመሪያ የጠየቀችው ብስክሌቱ ተሠርቶ እንደሆነ ነው። ጋሽ ፋይልም ጉድጓዱን በእጃቸው ደፈኑት፤ አፉን ጎሚስታው ባመጣው ሲሚንቶ ዘጉትና በዚያው ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የቀድሞ መዝገብ ቤታቸውን አልፈው፣ ገብተውበት የማያውቁትን የካርታ ክፍል በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ልከራከርሽ አልመጣሁም» አሉ። «ልማር ነው የመጣሁት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በዚህ ከተማ ስንት ጉድጓድ አለ? ስንት ሽንት ቤት? ያ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር እየለካ ከሆነ እንዴት ነው በአንድ አፍታ የሚመልሰው?»

ወንበር ሳበችላቸው። «መነጽርዎ ቢጠፋ ጎረቤት ቤት ገብተው ይፈልጋሉ?»

«ምን በወጣኝ!»

«መኝታ ቤት እንደተዉት ካወቁ ማድ ቤቱን ይበረብራሉ?»

«አልበረብርም።»

«እሱም እንደዚያው ነው። ከተማውን በትልልቅ ሳጥን ይከፋፍለዋል። በትልቁ ሳጥን ውስጥ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፣ በእነሱም ውስጥ ከእነሱ ያነሱ። መሬት ላይ የተጎራበቱ ነገሮች አንድ ሳጥን ይገባሉ። ‹ከዚህ ጉድጓድ በሠላሳ ሜትር ውስጥ ምን አለ?› ሲባል፣ ያ ሠላሳ ሜትር የማይነካውን ሳጥን ከነሆዱ ይተወዋል፤ ሳይከፍተው። የቀሩትን ጥቂቶች ብቻ አውጥቶ በትክክል ይለካቸዋል።»

ጋሽ ፋይል በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሳጥን ሣሉ። «ሳጥን ነው እንግዲህ። የእኔም ሳጥን ነበር።»

«የእርስዎም ጥሩ ሳጥን ነበር። ስም ለያዘ ሰው ፋይሉን ወዲያው ያገኛል።»

«አታባብዪኝ። አንድ ወረቀት አልጠፋብኝም እያልኩ ስፎክር ኖሬአለሁ። እውነት ነው፣ አልጠፋም። የእኔ ቤት በመጀመሪያው ቁምሳጥን፣ የጎሚስታው በመጨረሻው፣ ሁለቱም በቦታቸው ተቀምጠዋል። የጠፋው ጉርብትናቸው ነው። እኔ ነኝ ያራራቅኋቸው።»

«እርስዎ መንገድ በመንገድ ደረደሩ። ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም።»

«አሁን ግን አለ» አሉ ቆጣ ብለው። ቁጣው ግን በራሳቸው ላይ ነበር። «ይልቅ ንገሪኝ፣ ማሽኑ ይሳሳታል?»

«የሰጡትን ነው የሚያምነው። አንዱ ካርታ ከድልድዩ፣ ሌላው ከገበያው ተነሥቶ የተለካ ከሆነና ሳናስታርቃቸው ካስገባናቸው፣ ጎረቤታሞች ተራርቀው ይታያሉ። የእኔን ባህር አይረሱትም መቼም። ለዚህ ነው ሄደን በዓይናችን የምናየው፤ ለዚህ ነው ቀለም ያፈሰስነው። ግን ጋሼ፣ ቀለሙን የት እንደምናፈስ ማን ነገረን?»

ጋሽ ፋይል ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣታቸውም ወደ ኮምፒውተሩ አመለከቱ።

«አሁን ደግሞ ይህን ይዩ» አለችና ስክሪኑን አዞረችላቸው። «ከእናንተ ነገር በኋላ መላ ከተማውን ጠየቅሁት። ከሽንት ቤት ሠላሳ ሜትር ያልራቀ የውሃ ጉድጓድ ሁሉ ይውጣ አልኩት።»

ጋሽ ፋይል መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ደነገጡ። ስክሪኑ በቀይ ነጥብ ተሞልቷል። በገበያው ጀርባ፣ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ፣ በድልድዩ ግራና ቀኝ። ብዙዎቹ በሩ በአንድ መንገድ፣ ጀርባው በሌላ መንገድ የሆነ ቤት ናቸው። የሚያውቋቸው በሮች ናቸው፤ ፋይላቸውን በእጃቸው ያስቀመጡላቸው ሰዎች።

«ይኼ ሁሉ ሰው አሁን እየጠጣ ነው?»

«አሁን እየጠጣ ነው።»

ጋሽ ፋይል ባርኔጣቸውን አነሡ። «ተነሺ እንሂድ። አንቺን ‹የማናውቃት ልጅ› ብለው ይመልሱሻል። እኔን ያውቁኛል።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ጎሚስታው አዲሱን የሽንት ቤት ጉድጓድ ከግንቡ አርቆ፣ በመንገዱ በኩል፣ በሲሚንቶ አሠራው። ካርታ ክፍሉ ለጋሽ ፋይል ሰፈር የሚቀርበው የቧንቧ መስመር የት እንደሚያልፍ ቢጠይቅ፣ ለካ በጎሚስታው መንገድ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ግንቡ በአንድ ቦታ ተበስቶ ለሁለቱም መንገድ የሚሆን ቦኖ ተተከለ። ቧንቧ የሚቀብሩት ሠራተኞች ከመቆፈራቸው በፊት የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳይበጥሱ ካርታውን ይጠይቃሉ። ክሊኒኩም የታመሙ ልጆችን ቤት በነጥብ ማስመዝገብ ጀምሯል፤ ነጥቦቹ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ ጎን ለጎን ውሃውን ያስመረምራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የሚሻለው ግን ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ነገርን በስሙ ብቻ ሳይሆን በቦታውም መመዝገብ ማለት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም ነበር። ጋሽ ፋይልና የታይፒስቷ ልጅ ከመጀመሪያዋ ቀይ ነጥብ በር ቆመው አንኳኩ። የከፈተው ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«ጋሽ ፋይል! ምን እግር ጣለዎት? ግቡ፣ ግቡ እንጂ!»

ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። ሁለት ልጆች ከጉድጓዱ አጠገብ ይጫወታሉ። ሰውየው ሙቀቱን አይቶ፣ ሳይጠይቃቸው፣ ከባልዲው በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ይጠጡ እስቲ፣ ደክመዋል። የእኔ ጉድጓድ ውሃ እንደ መስተዋት ነው።»

ጋሽ ፋይል ብርጭቆውን ተቀበሉት። ወደ ብርሃኑ አነሡት። ምንም አይታይበትም። ብርጭቆውን ሳይቀምሱት ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡትና፣ ከጉድጓዱ ባሻገር ወዳለው ግንብ አመለከቱ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚያ ግንብ ወዲያ ማን ነው የሚኖረው?»

አስተማሪው ግንቡን ዞሮ አየው፤ ጥያቄው ገርሞት ትከሻውን ነቀነቀ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እዚያ እኮ ሌላ ሰፈር ነው።»